መኪና የተወው መንገድ፦ ለረጅም የብስክሌት ጉዞ መስመር እንዴት ይመረጣል?

በብስክሌት ረጅም ጉዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ብስክሌቱ ነው፤ ስንት ማርሽ ይኑረው፣ ጎማው ምን ያህል ይስፋ፣ ዋጋው ስንት ይሁን ይላል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ከእነሱ በፊት ግን መልስ የሚያሻው አንድ ጥያቄ አለ፦ በየት በኩል ነው የሚሄዱት? የጉዞው ደስታም ሆነ ድካም፣ ደኅንነቱም ጭምር፣ በአብዛኛው የሚወሰነው በሚመርጡት መስመር ነው። ይህ ጽሑፍ ፀጥ ያለና ለዓይን የሚማርክ መስመር እንዴት እንደሚፈለግ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል።

በደፈናው ከምንነጋገር አንድ እውነተኛ መንገድ ይዘን እንሂድ። መንገዱ ከአሜሪካ ዋና ከተማ ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ፒትስበርግ ይደርሳል። ርዝመቱ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በደብረ ማርቆስ በኩል ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። ከጫፍ እስከ ጫፍ መኪና የማይገባበት ነው ማለት ይቻላል። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ስለሆነ መነሻው ለብዙ አንባቢ ደጁ ነው። ሁለተኛ፣ ፀጥ ያለ መንገድ እንዴት እንደሚፈጠር ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ዘዴውን እዚህ ከተማሩት በሌላ አገርም ይጠቀሙበታል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፀጥታው እንጀምር። ፀጥታ በቁጥር ይለካል። የመንገድ መሥሪያ ቤቶች በየመንገዱ ቆጣሪ እያስቀመጡ በቀን በአማካይ ስንት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍ ይመዘግባሉ፤ ይህም «አማካይ የዕለት ትራፊክ» ይባላል። በአሜሪካ የየግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ለሕዝብ ያወጣዋል። ትርጉሙ የሚገባን ግን ወደ ደቂቃ ስንመነዝረው ነው። በቀን 1,000 ተሽከርካሪ የሚያልፍበትን መንገድ እንውሰድ። አብዛኛው የሚያልፈው ሰው ነቅቶ በሚንቀሳቀስባቸው 16 ሰዓታት ነውና በሰዓት 60 ያህል፣ በደቂቃ አንድ መኪና ማለት ነው። መኪናው አልፎ ሲሄድ ድምፁ ይርቃል፤ የወፎቹ ድምፅ ይመለሳል፤ ከጓደኛዎ ጋር የጀመሩትን ወሬ ይቀጥላሉ። በቀን 10,000 የሚያልፍበት ከሆነ ግን በየስድስት ሰከንዱ አንድ ይመጣል። ጩኸቱ አይቋረጥም፤ ዓይንዎ ከአስፋልቱ ጠርዝ አይነሳም፤ ተራራው አጠገብዎ ቢሆንም አያዩትም። እንግዲህ ፀጥታና ውበት ተያይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው፤ መንገዱ ፋታ ካልሰጠዎት አካባቢውን የሚያዩበት ዓይን አይተርፍዎትም።

እንዲህ ያለ ቆጠራ የማይገኝበት መንገድ ግን ብዙ ነው። ያኔ የሚረዳን ምክንያቱን መጠየቅ ነው። አንድ መንገድ ፀጥ ካለ ፀጥ ያለበት ምክንያት አለው። ወይ መኪናው ሌላ የተሻለ መንገድ አግኝቶ ሄዷል፤ ወይ መንገዱ መጀመሪያውኑ ለመኪና አልተሠራም፤ ወይም መንገዱ መኪናን የትም አያደርሰውም። ካርታ ሲዘረጉ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን ይፈልጉ። ምክንያቱን ካገኙ መንገዱን አገኙ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት አዲስ መንገድ መሠራቱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1811 በመስመራችን መካከል ካለችው ከከምበርላንድ ከተማ ወደ ምዕራብ «ብሔራዊ መንገድ» የተባለውን ጎዳና መሥራት ጀመረ። ዛሬ በዚያ ተራራማ አካባቢ ከባድ መኪናውን የሚሸከመው ኢንተርስቴት 68 የተባለው ፈጣን መንገድ ነው፤ አሮጌው ጎዳና ከጎኑ ቀርቷል። ስለዚህ ካርታ ላይ ወፍራም መስመር ባዩ ቁጥር ጎን ለጎን የሚሄድ ቀጭን መስመር እንዳለ ይመልከቱ። ይህ ምልክት ግን ሁልጊዜ አያስተማምንም። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው ፈጣን መንገድ በ2014 ተከፍቷል፤ ነባሩ መንገድ ግን በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መካከል ስለሚያልፍ የከተሞቹ የራሳቸው ትራፊክ አልለቀቀውም። አዲሱ መንገድ የሚወስደው አላፊ አግዳሚውን ነው፤ ነዋሪው እዚያው ይቀራል። በአሮጌው መንገድ ዳር ከተሞች ተያይዘው ካሉ ፀጥታ አይጠብቁ።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኛ ምሳሌ ዋናው ነው፤ መንገዱ የተሠራው ለሌላ ማጓጓዣ ነበር። ከዋሽንግተኑ ሰፈር ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው የጉዞው የመጀመሪያ ክፍል 297 ኪሎ ሜትር ሲሆን የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይን ተከትሎ ይሄዳል። ቦዩ ከ1828 እስከ 1850 በፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆፈረ የጀልባ መንገድ ነው። ጀልባዎቹ በተለይ የድንጋይ ከሰል ይጭኑ ነበር፤ የሚጎትቷቸውም በቦዩ ዳር የሚራመዱ በቅሎዎች ነበሩ። በ1924 ጎርፍ ካበላሸው በኋላ ሥራውን አቆመ። ጀልባዎቹ ሄዱ፤ በቅሎዎቹም ሄዱ፤ የበቅሎዎቹ መንገድ ግን ቀረ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዱት በእሱ ላይ ነው። ከከምበርላንድ ፒትስበርግ ያለው ሁለተኛ ክፍል ደግሞ 241 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። እሱም በአብዛኛው ባቡር በተወው መስመር ላይ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ የተሠራ ሲሆን በ2013 ተጠናቀቀ።

ሦስተኛው ምክንያት መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ነው። ድልድይ የሌለው ወንዝ ዳር ደርሶ የሚቆም፣ ወይም ጥብቅ ደን ውስጥ ገብቶ የሚያልቅ መንገድ መኪና አይበዛበትም። ለብስክሌተኛ ግን መጨረሻው ላይ የእግረኛ ድልድይ ወይም ጠባብ መተላለፊያ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኙ በሳተላይት ምስል አጉልተው ያረጋግጡ፤ መተላለፊያው ከሌለ የመጡበትን ሁሉ መመለስ ይመጣልና።

ፀጥታ ከተገኘ ቀጥሎ የሚጠየቀው ዳገት ነው። አሮጌው ብሔራዊ መንገድ የተሠራው ለሠረገላ ስለነበረ ኮረብታ ሲያጋጥመው ይወጣል፣ ይወርዳል። ቦይና ባቡር እንዲህ ማድረግ አይችሉም። ይህ አለመቻላቸው ነው ለእኛ ውለታ የዋለልን።

ቦዩን እንመልከት። ጀልባ በዳገት ላይ አይንሳፈፍም። ስለዚህ ቦዩ የተሠራው እንደ ደረጃ ነው፤ ረጅም ሜዳ፣ ከዚያ አንድ የውሃ በር፣ እንደገና ረጅም ሜዳ። የውሃ በር ማለት በፊትና በኋላ መዝጊያ ያለው፣ ጀልባ የሚያስገባ የድንጋይ ክፍል ነው። ጀልባዋ ትገባለች፤ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ይለቀቃል፤ ውሃው ሲሞላ ጀልባዋም ከፍ ትላለች፤ የፊቱ መዝጊያ ሲከፈት ጉዞዋን ትቀጥላለች። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ እንዲህ ያሉ 74 በሮች አሉ፤ በድምሩ 184 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋሉ። አካፍለን ብናየው እያንዳንዱ በር ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለብስክሌተኛ ይህ ማለት በሩ አጠገብ ሲደርሱ ለጥቂት ፔዳል ጠንከር ማለት፣ ከዚያ ለኪሎ ሜትሮች ሜዳ ላይ መንዳት ነው።

ባቡሩ ደግሞ የብረት እግሩ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንከባለል በቀላሉ ይሄዳል፤ በዚያው ልክ ዳገት ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን በዋሻ በሱ፤ ሸለቆውን በድልድይ ተሻገሩ። እነሱ ለባቡሩ ብለው የከፈሉት ድካም ዛሬ ለእግርዎ ዕረፍት ሆኗል።

የዳገት መጠን የሚነገረው በመቶኛ ነው፤ 100 ሜትር ሲጓዙ ስንት ሜትር ከፍ እንዳሉ ማለት ነው። በደንብ የምናውቀውን እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ ድልድይ ድረስ ያለው ቁልቁለት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ይህም ከ5 በመቶ በላይ ነው፤ ጓዝ የጫነ ብስክሌተኛ ወደ ላይ ሲወጣው ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል። አሁን ከከምበርላንድ ወደ ምዕራብ ያለውን ተራራ ያስተያዩት። ከተማዋ 190 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የመስመሩ ከፍተኛ ጫፍ 729 ሜትር ላይ ነው፤ በመካከላቸው 38 ኪሎ ሜትር አለ። ሲሰላ 1.4 በመቶ ይመጣል። ይህን ዳገት ዝቅ ባለ ማርሽ እያወሩ ይወጡታል።

ያ ጫፍ የውሃ መክፈያ ነው። ከጫፉ ምሥራቅ የወረደ ዝናብ በፖቶማክ በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል፤ ከምዕራቡ የወረደው በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች አድርጎ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። ለእቅድዎ የሚጠቅመው ሁለቱ ጎኖች እኩል አለመሆናቸው ነው። ፒትስበርግ 220 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከዚያ እስከ ጫፉ ያለው 203 ኪሎ ሜትር የሚወጣው በአማካይ ሩብ በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ቀላሉን የሚፈልግ ከፒትስበርግ ይነሳ፤ ሳይታወቀው ወጥቶ ወደ ከምበርላንድ ይንደረደራል። ከዋሽንግተን የሚነሳው ደግሞ ዳገቱን የሚያገኘው እግሩ ከተፍታታ በኋላ ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ማንኛውንም መስመር ከሁለቱም አቅጣጫ ያስሉት። የካርታ መተግበሪያዎች የመስመሩን ከፍታና ዝቅታ እንደ ተራራ ጎን አድርገው የሚያሳዩት ሥዕል አላቸው፤ ከርቀቱ ቁጥር በፊት እሱን ያንብቡ።

ዳገቱን ካወቁ በኋላ የሚቀረው ወለሉ ነው፤ አስፋልት ነው፣ ፒስታ ነው ወይስ ኮረኮንች? የቦዩ መንገድ በአብዛኛው አፈርና ጠጠር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ይጨቀያል። የግሬት አሌጌኒ ወለል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል። ልዩነቱ በሰዓት ይታያል። በደረቅ ቀን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 60 ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ይጨርሳል፤ ጭቃው ወደ 10 ካወረደው ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀኑን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ያቅዱ፤ ለጭቃ የሚሆን አማራጭም አስቀድመው ይያዙ። ለምሳሌ በሃንኮክ ከተማ በኩል ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት የብስክሌት መንገድ አለ፤ እሱም የድሮ የባቡር መስመር ነው። የጎማ ስፋትም እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው፤ ለዚህ ጉዞ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመቻል። መጀመሪያ ላይ የብስክሌቱ ጥያቄ ይቆይ ያልኩት ለዚህ ነው፤ መንገዱ ራሱ ይመልሰዋል።

አሁን ቀኖቹን እንከፋፍል። ብዙ ጀማሪ 540 ኪሎ ሜትሩን ለምሳሌ ለስምንት ቀን ያካፍልና በየቀኑ እኩል ርቀት ይመድባል። መንገድ ግን እኩል አይከፈልም፤ ቀኑን የሚቆርጡት ውሃ፣ ምግብና ማደሪያ ናቸው። በቦዩ ዳር በየማይሉ ከጆርጅታውን የሚቆጥር ምልክት ስላለ ቦታዎቹን በማይል ቁጥራቸው መያዝ ይቀላል። ብራንዝዊክ 55ኛው፣ ዊሊያምስፖርት 99ኛው፣ ሃንኮክ 124ኛው ማይል ላይ ናቸው። ከሃንኮክ እስከ 184ኛው ማይል፣ እስከ ከምበርላንድ፣ ያለው 97 ኪሎ ሜትር ግን ሱቅ የሚጠፋበት ነው። እንግዲህ ሃንኮክን ማደሪያ ያድርጉት፤ ምግብ እዚያ ይሙሉ፤ ያንን ባዶ ክፍል ለሁለት ቀን ይክፈሉት። በቦዩ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተዘጋጁ የድንኳን ማረፊያዎች አሉ፤ በእጅ የሚሠራ የውሃ ፓምፕም አላቸው። በብርድ ወራት ፓምፖቹ ስለሚዘጉ ውሃ ከከተማ መያዝ ያስፈልጋል። ከከምበርላንድ ወዲያ ደግሞ ማየርስዴል፣ ኮንፍሉዌንስ፣ ኦሃዮፓይልና ኮኔልስቪል ተከታትለው ስለሚመጡ ቀኑን እንደ አቅም ማሳጠርም ማስረዘምም ይቻላል።

በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ በተለይ ላሳይዎት። 155ኛው ማይል ላይ የፖ ፖ ዋሻ አለ። ፖቶማክ እዚያ አካባቢ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ የቦዩ ሠሪዎች ጥምዝምዙን ላለመከተል ተራራውን 950 ሜትር በሱት። ሥራው ከ1836 እስከ 1850 ፈጀ። መግቢያው ላይ ሲደርሱ ከብስክሌትዎ ይውረዱና መብራትዎን ያብሩ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ጡብ፣ በሌላው በኩል አጥር፣ ከአጥሩ ሥር ጥቁር ውሃ። የውጭው ሙቀት ከኋላዎ ይቀራል። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ጠብ ሲል ይሰማል፤ የጫማዎ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ከሩቅ የሚታየው የብርሃን ነጥብ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይመጣል። መብራት ያልያዘ ሰው እዚህ ይቸገራል፤ ለቀን ጉዞ መብራት ምን ያደርጋል ብሎ ትቶት የመጣ ሁሉ ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል። እቅድ ማለት እንዲህ ያለውን ቦታ ቤት ተቀምጦ አስቀድሞ ማየት ነው።

መስመሩን መሣል ሲጀምሩ እነዚህን በቅደም ተከተል ያድርጉ። በመጀመሪያ ወረቀት ላይ መነሻውን፣ መድረሻውንና የግድ ማየት የሚፈልጉትን ቦታ ያስፍሩ። ቀጥሎ ኦፕን ስትሪት ማፕን የመሰለ ዝርዝር ካርታ ከፍተው ወንዞችን፣ የቀድሞ የባቡር መስመሮችንና ከፈጣን መንገድ ጎን የቀሩ አሮጌ መንገዶችን ይፈልጉ። ከዚያ ማነቆዎቹን ይመርምሩ፤ ማነቆ የምለው መንገዱ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያልፍበትን ድልድይ፣ ዋሻ ወይም የከተማ መግቢያ ነው። አንድ መስመር ለ100 ኪሎ ሜትር ፀጥ ብሎ አንድ ድልድይ ላይ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የመተግበሪያ መስመር ፈላጊዎች ይረዳሉ፤ ግን አጭሩን እንጂ ፀጥ ያለውን ላይመርጡ ስለሚችሉ ያወጡትን መስመር በዓይንዎ ይከተሉት። በመጨረሻም የተሠራውን መስመር ስልክዎ ላይ ያውርዱት፤ በሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

ወቅቱንም አይርሱ። በግሬት አሌጌኒ ላይ ያለው የቢግ ሳቬጅ ዋሻ 1,000 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በብርድ ወራት፣ ከዲሴምበር ገደማ እስከ አፕሪል መጀመሪያ፣ በሩ ይዘጋል። የቦዩ መንገድም ከጎርፍ በኋላ በአንዳንድ ቦታ ሊቆረጥ ይችላል፤ ቦዩ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነውና በመነሻው ሳምንት የፓርኩን ማስታወቂያ ያንብቡ። ለየቀኑም አንድ መውጫ ይዘጋጅ፤ ቢታመሙ ወይም ብስክሌቱ ቢሰበር በየት በኩል ወደ ከተማ ይወጣሉ? እዚህ መስመር ላይ ከዋሽንግተን በከምበርላንድና በፒትስበርግ በኩል የሚያልፍ ባቡር ብስክሌት ይጭናል፤ ቦታው ግን አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ስለ ውበት የምለው ጥቂት ነው። ጉዞው ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያምረው ቅጠሉ በሚቀላበት በኦክቶበር ነው። ወንዝ ዳር የሚሄድ መንገድ ጥላና ውሃ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ በዛፍ ሥር መሄድ ግን ዓይንን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ወጣ የሚሉበት ቦታ ይመድቡ። 42ኛው ማይል አካባቢ በሰባት ቅስቶች የቆመው የሞኖከሲ ድልድይ ይጠብቅዎታል፤ ይህ ድልድይ ቦዩን ከነውሃው በሌላ ወንዝ ላይ ያሻገረ ነው። 60ኛው ማይል ላይ በሃርፐርስ ፌሪ ሼናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ጋር ይገናኛል። ኦሃዮፓይል ላይ ፏፏቴ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚያጠፉት ሁለት ሰዓት ከእቅዱ ውስጥ ይቆጠር፤ ካልተቆጠረ በችኮላ ያልፉታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ፀጥታ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በ1954 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በቦዩ መስመር ላይ የመኪና መንገድ እንዲሠራ የቀረበውን ሐሳብ በርዕሰ አንቀጹ ደገፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ተቃወሙ፤ አዘጋጆቹንም መንገዱን አብረዋቸው በእግር እንዲሄዱና በዓይናቸው እንዲያዩ ጋበዟቸው። በዚያው ዓመት በማርች ወር ጉዞው ተደረገ፤ ከጀመሩት መካከል መንገዱን ሙሉ በእግራቸው የጨረሱት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ። ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። መንገዱን ያዳነው ሄዶ ማየት ነበር።

እርስዎም ሄደው ይዩ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ከጆርጅታውን ተነስተው ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ድረስ 23 ኪሎ ሜትር ይንዱና ይመለሱ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብዎት፣ ስንት ሊትር ውሃ እንደጠጡ፣ የት ላይ እንደደከምዎት በማስታወሻ ይያዙ። የቀረውን 500 ኪሎ ሜትር ከማንም ምክር ይልቅ በእነዚህ በራስዎ ቁጥሮች ያቅዱት።